ከመኪናው ጎን የሚላቀቀው ፕላስቲክና ከሥሩ ያለው ብረት

ጎንደር ውስጥ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት የዘለለ መኪናዎች ብርቅ አይደሉም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው በበራቸው ጎን የተለጠፈው ፕላስቲክ ጫፉ የተነሣ፣ የመስኮታቸው ጎሚኒ የተሰነጣጠቀ፣ በፊትና በኋላ በሮች መካከል ያለው ምሰሶ ጥቁር ሽፋኑ የተላጠ ብዙ መኪናዎች ሲያልፉ ይመለከታል። ባለቤቶቹ ሞተሩና ፍሬኑ ደኅና እስከሆነ ድረስ ይህን የውበት ጉዳይ ብቻ አድርገው ስለሚያዩት ዓመት ከዓመት ይተዉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጫፉ የተነሣ ፕላስቲክ ከሥሩ ውኃና አቧራ ይዞ ያቆያል፤ በሩም መዛግ የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ከዚያ ቦታ ነው። ስለዚህ የተላቀቀውን ፕላስቲክ መልሶ የመለጠፉን ጥገና የምመለከተው የመኪናውን አካል ከዝገት እንደ መጠበቅ ሥራ ነው።

አሮጌ መኪናን በጥንቃቄ መያዝ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የተሠራችው የእኔ ኮሮላ በሌላ አገር ብትሆን ኖሮ ምናልባት ቆርቆሮዋ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን ቤተሰብ የሚጓጓዝባት፣ ጎረቤት ታምሞ ሲቸገር ሐኪም ቤት የምታደርስ መኪና ናት። ሞተር ይታደሳል፣ ማርሽም ይቀየራል፤ የተበላ በርና የተበላ የመስኮት ከንፈር ግን ጥሩ ላሜራ ሠሪ ቢገኝ እንኳ እንደ ቀድሞው አይመለስም።

እነዚህ ክፍሎች በእኛ ከተማ ፈጥነው የሚላጡበት ምክንያት አላቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ይህም ማለት በባሕር ዳርቻ ከሚቆም መኪና ይልቅ የእኛው ከአንድ አምስተኛ በላይ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። በዚህ ላይ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትሆናለች። የነሐሴውን ደመናው ይጋርደዋል፤ የሚያዝያው ግን በቀጥታ ይወርዳል። ጨረሩ ፕላስቲኩ የተሠራበትን ረጅም ሰንሰለት ይበጣጥሳል፣ ሙቀቱም ብዙ የጎን ፕላስቲክ የሚሠራበትን ፒቪሲ የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ያተናል፤ ፕላስቲኩም ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከጫፉም መነሣት ይጀምራል።

ከፀሐዩ ያላነሰ ጉዳት የሚያደርሰው የጠዋቱና የቀትሩ ልዩነት ነው። በታኅሣሥና በጥር ማለዳ አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ፕላስቲክ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ይግላል። የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ነው ብንል፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው የበር ብረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲረዝም፣ በላዩ የተለጠፈው የፒቪሲ ፕላስቲክ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሁለቱ በየቀኑ እንዲህ እየተለያዩ ስለሚኖሩ፣ በመካከላቸው ያለው ማጣበቂያ አብሮ መለጠጥና መመለስ አለበት። ሱፐር ግሉ በዚህ ሥራ ላይ የማይበረክተው በዚህ ምክንያት ነው። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናልና በሙቀቱ መለዋወጥና በኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል፤ ሲላቀቅም የበሩን ቀለም ይዞ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ባዶ ብረት ካገኘ ዝገትን ያፋጥናል፤ የሚተወው ቅባትም በኋላ በቦታው ላይ ቀለም ሲረጭ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ እንዲሠራ ያደርጋል። ቀለም ቀቢዎች ሲሊኮን የነካውን በር በጣም የሚጠሉት በከንቱ አይደለም።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የጎን ፕላስቲኩን የያዘው በሁለቱም ፊቱ የሚጣበቅ የአክሪሊክ ስፖንጅ ፕላስተር ነው። በጥገናም ጊዜ ወደዚያው መመለስ ይሻላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሆኖም ከፕላስተሩ በፊት ያለው ሥራ ከፕላስተሩ ይበልጣል።

መጀመሪያ በከፊል የተላቀቀውን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ማንሣት ያስፈልጋል። የተነሣውን ጫፍ ብቻ አጣብቆ መተው ከሥሩ ያለውን እርጥበት አሽጎ ማስቀረት ነው። አንዳንዱ የጎን ፕላስቲክ ከፕላስተሩ ሌላ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ ስላለው፣ ከመሳብ በፊት በተነሣው ጫፍ በኩል በባትሪ አብርቶ ማየት ይገባል። ከዚያም በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያሉ ማሞቅ፣ ወይም መኪናውን ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አቁሞ ማቆየት ፕላስተሩን ያለሰልሰዋል። ካቻቪቴ አስገብቶ መፈንቀል ቀለሙን ስለሚፍቅና ፕላስቲኩን ስለሚያጥፍ አልመክረውም። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር ነው፤ ክሩን በፕላስቲኩና በበሩ መካከል አስገብቶ ግራና ቀኝ እየሳቡ እንደ መጋዝ ወደ ፊት መሄድ ነው። ጣና ቅርባችን ስለሆነ ወደ ጎርጎራ የሚመላለስ ሰው ያለው ይህን ክር ለማግኘት አይቸገርም።

ፕላስቲኩ ሲነሣ የሚታየው ነገር የሥራውን መጠን ይወስናል። ከሥሩ ያለው ቀለም ጤነኛ ከሆነ የቀረውን ማጣበቂያ አሙቆ በአውራ ጣት እያንከባለሉ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ቡናማ ነጥብ ወይም ያበጠ ቀለም ከታየ ግን በዚያ ላይ ፕላስተር መለጠፍ አይገባም። ያበጠው ቀለም በሙሉ መነሣት፣ ዝገቱም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት፤ ከዚያ በ180ና በ320 እየተለሰለሰ የጤነኛው ቀለም ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ ድረስ ይስተካከላል። በላዩም ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ የመኪናው ቀለም ይከተላል። ቦታው በኋላ በፕላስቲክ ስለሚሸፈን የቀለሙ መመሳሰል እንከን የለሽ ባይሆንም ግድ የለም፤ የሽፋኑ ሙሉነት ግን ግድ አለው፣ ምክንያቱም ባዶ የቀረች ትንሽ ነጥብ ዝገቱን መልሳ ትጀምረዋለች።

እዚህ ላይ በማራኪ በኩል የሚሠሩ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ የነገሩኝን ማስተላለፍ እፈልጋለሁ። ቀለሙ ከተረጨ በማግስቱ ፕላስቲኩን መልሰን እንለጥፍ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቀለሙ ለእጅህ ደርቋል እንጂ ለራሱ ገና አልደረቀም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ስንት ቀን ልጠብቅ?» ስላቸው፣ «ጠጋ ብለህ አሽትተው፤ ቲነር እስከሸተተህ ድረስ አትንካው» ብለው መለሱልኝ። ነገሩ ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ማጠንከሪያ ያልተቀላቀለበት ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ቲነር እየተነነ ሲወጣ ስለሆነ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ለሳምንታት መተንፈሱን ይቀጥላል፤ የሚወጣውም ትነት በፕላስተሩ ሥር ታምቆ መያዣውን ያላላዋል። ማጠንከሪያ የገባበት ቀለም ግን በቶሎ ይጠነክራል። ቀድሞ የተቀባ መኪና የትኛው ቀለም እንዳለበት ለማወቅ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ማሸት ይበቃል፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ማጠንከሪያ የለበትምና የቀረ ማጣበቂያን በቲነር ማጽዳት ቀለሙንም ያሟሟዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጽዳት ነው፤ በእኔ ግምት ከአስሩ ያልተሳኩ ጥገናዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ቦታው በሳሙና ውኃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በአልኮል መጠረግ አለበት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አልኮል ቢሆንም ቆዳ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት በብረቱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። ናፍጣም ሆነ ነጭ ጋዝ ማጣበቂያን ያለሰልሳሉ፤ ከኋላቸው የሚተዉት ዘይት ግን ምንም ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በእነሱ የጸዳ ቦታ እንደገና በሳሙናና በአልኮል መጽዳት ይኖርበታል። ጨርቁ ነጭ ይሁን፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠረግ፤ ጨርቁ መቆሸሹን እስኪያቆም ድረስም እየተቀያየረ ይደገም።

የፕላስቲኩ ጀርባም ተመሳሳይ ጽዳት ያስፈልገዋል፤ እሱ ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። በጀርባው ላይ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ምልክት ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ታትሞ ይገኛል። ፒቪሲ ወይም ኤቢኤስ የሚል ከሆነ ፕላስተሩ በቀላሉ ይይዛል። ፒፒ የሚል ፊደል ካለበት ግን ፖሊፕሮፒሊን ነውና ምንም ያህል ቢጸዳ ማጣበቂያ አይወድም። ምልክቱ ከጠፋ የጸዳውን ጀርባ ውኃ ጠብ በማድረግ መፈተን ይቻላል፤ ውኃው ተዘርግቶ ከቀረ መልካም ነው፣ ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ግን ማጣበቂያውም እንዲሁ ይሸሸዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ከፕላስተሩ በፊት የሚቀባ የማጣበቂያ ፕራይመር አለ። በከተማችን ሁልጊዜ ስለማይገኝ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ሲገኝ አስቀድሞ ማስመጣት ይሻላል።

ፕላስተሩን በሚመለከት፣ መስታወት ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የሚሸጠው ነጭና ለስላሳው ስፖንጅ ለመኪና አይሆንም፤ በፀሐይ ይፈረፈራል። የሚፈለገው ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነው፣ ሲጎትቱት እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው የአክሪሊክ ዓይነት ነው። የሦስት ኤም ኩባንያ ስለዚህ ዓይነቱ ፕላስተር በሚሰጠው መረጃ መሠረት፣ ፕላስተሩ የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ያህል ወደ ጎን ሊሳብ ይችላል፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን ከላይ የጠቀስኩትን የበሩንና የፕላስቲኩን ልዩነት ይሸከማል ማለት ነው። ሲለጠፍ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል ሳይቆራረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ፤ በታችኛው በኩል ግን ውኃ ቢገባ የሚወጣበት ክፍተት ይተው። ብዙ ሰው ከታችም ከላይም አጥብቆ ይዘጋል፤ ከላይ ሾልኮ የገባ ውኃ ግን መውጫ ካጣ ሥራው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ፕላስተሩ አንዴ ከነካ በቀላሉ ስለማይነሣ ልኩ አስቀድሞ መያዝ አለበት። የፊትና የኋላ በር ፕላስቲኮች መስመር እንዲገጥሙ በሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ቀጥ አድርጎ ለጥፎ እሱን መከተል ይቻላል። በሮቹ በሚገናኙበት ቦታም የቀድሞው ክፍተት ይጠበቅ፤ የፊቱ በር ሲከፈት ፕላስቲኩ ከፓራፋንጎው ጋር ከተፋተገ በአጭር ጊዜ ይነሣል። ከዚያ ከመሐል ወደ ጫፍ በእጅ መዳፍ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው፤ ፕላስተሩ የሚሠራው በግፊት ነውና ለስላሳ ንክኪ አይበቃውም። ይኸው የኩባንያው መረጃ እንደሚለው በክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 90 በመቶውን፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። በእነዚያ ሦስት ቀናት መኪናው አይታጠብ።

የሙቀቱ ነገር ለጎንደር ሰው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከ10 ዲግሪ በታች ፕላስተሩ ስለሚጠጥር ከብረቱ ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ በጥር ማለዳ መሥራት አይገባም። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ መሥራትም እንዲሁ፤ አልኮሉ ቆሻሻውን ሳያነሣ ይተናል፣ ፕላስቲኩም በሙቀት ረዝሞ ሳለ ይለጠፍና ማታ ሲያጥር ይጎተታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጥላ ውስጥ መሥራት ከሁሉ ይስማማል። ከወራቱም መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላሉ፤ አየሩ ሞቅ ያለ ነው፣ የሐምሌና የነሐሴው ዝናብ ከመምጣቱ በፊትም ጥገናውን ለመፈተን ጊዜ ይተርፋል። የእነዚህ ወራት ጠላት አቧራው ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመኪናው ዙሪያ ያለውን መሬት ውኃ ረጨት ረጨት ማድረግ ይረዳል።

የበሩ ምሰሶ ጥቁር ሽፋን ቀለል ያለ ሥራ ነው። አሮጌው ሽፋን እየተሞቀ ይላጣል፣ ማጣበቂያው ይጸዳል፣ በቦታው ደብዛዛ ጥቁር ስቲከር ይለጠፋል። ባጃጆችን የሚያስጌጡት የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ይህን ስቲከር በሜትር ይሸጣሉ፤ ነገር ግን ርካሹ ዓይነት በፀሐይ ስለሚኮማተር ከዓመት በኋላ በጠርዙ ዙሪያ የማጣበቂያ መስመር ያሳያል። ለመኪና መጠቅለያ ተብሎ የተሠራው ስስ ስቲከር ዋጋው ቢበዛም ኩርባውን ይታዘዛል፣ አይኮማተርምም። ክሮም የተቀባው ፕላስቲክ ግን ከተላጠ የሚጣበቅ አይደለም። ክሮሙ ከመዳብና ከኒኬል በላይ የተነጠፈ በጣም ስስ ብረት ስለሆነ የተላጠው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጎ ልቅ የሆነውን ማንሣት፣ ጠርዙን መፈተግና ጥቁር መቀባት ከሁሉ ይሻላል። በቀድሞዎቹ ዲኤክሶች ላይ የምናየው የማይዝግ ብረት ጌጥ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ በማጽጃ ሲወለወል ተመልሶ ያበራልና እባካችሁ ነቅላችሁ አትጣሉት።

የቀረው የላቫጆ ጉዳይ ነው። ጥቁር ፕላስቲክና ጎሚኒ እንዲያብረቀርቅ በናፍጣ መወልወል የተለመደ ሆኗል፤ ለጥቂት ቀናትም በእርግጥ ያምራል። የመስኮትና የበር ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ግን የነዳጅ ዘይትን አይችልም፤ ይጠጣዋል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በኋላም ቅርጹን ያጣል። ናፍጣው ወደ ፕላስተሩ ጠርዝ ሲወርድም ማጣበቂያውን ያላላል። ስለዚህ መኪናዬን ለሚያጥቡት ልጆች ሁልጊዜ አስቀድሜ፣ «ወንድሜ፣ ናፍጣ አትንካብኝ፤ ሳሙናና ውኃ ይበቃኛል፤ ግፊት ያለውን ውኃ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጫፍ ራቅ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ልቀቀው» እላለሁ። ቅር አይላቸውም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በየበሩ የታችኛው ጠርዝ ያሉትን ትናንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት መክፈት ያስፈልጋል፤ በመስኮቱ ጎሚኒ በኩል ወደ በሩ ውስጥ የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው፣ የደረቅ ወራቱ አቧራም ጭቃ ሆኖ በቀላሉ ይደፍናቸዋል።